የጋሽ ብሩኖ የጾም ኦፔራ

ጣሊያኖች ሬሳ ሲወጣ ያጨበጭባሉ። ሳጥኑ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ብቅ ሲል ደረጃው ላይ የቆመው ሁሉ፣ ሟቹን በቅርብ አወቀውም አላወቀውም፣ እጁን ያማታል፤ ክብር መስጠታቸው ነው። ጋሽ ብሩኖን የሸኘን ዕለትም የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸው እንደ ልማዳቸው ጭብጨባውን ጀመሩ። በአንድ ወገን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙት የኛ ሴቶች ግን አንዳቸውም እጃቸውን አላነሱም። ጭራሽ እትዬ የሺ እንባቸውን ሳይጠርጉ ወደ ጣሊያኖቹ ዞረው፣

«ሽሽ! ገና አላለቀም!» አሉ በአማርኛ።

ጣሊያኖቹ ቃሉ ባይገባቸውም ዓይናቸውን አይተው ዝም አሉ። ሳጥኑ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ የሞተሩ ድምፅ ከመንገዱ ጥግ ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ትንፍሽ ያለ አልነበረም። ድምፁ ጨርሶ ሳይጠፋ ማጨብጨብ ነውር መሆኑን ሴቶቹን ያስተማሯቸው ሟቹ ራሳቸው ናቸው። በሕይወታቸው ሙሉ በሙሉ የተሳካላቸው ትምህርት ይህ ይመስለኛል።

ጋሽ ብሩኖ ሮም ውስጥ በኤስኲሊኖ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ካለ አንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ያስተምሩ ነበር። በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል «የባሮክ ሙዚቃ መግቢያ» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል፤ ከላይ በጣሊያንኛ፣ ከታች በአማርኛ። ተማሪዎቻቸው በሮም ሰው ቤት የሚሠሩ የሐበሻ ሴቶች ነበሩ። የቤት ሠራተኛ እዚህ አገር እሑድና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ናት። እሑድ የቤተ ክርስቲያን ቀን ነው። ሐሙስ ግን የማንም አይደለም። የምታድረው አሠሪዋ ቤት ስለሆነ በዕረፍቷ ሰዓት እዚያ መታየት አትፈልግም፤ ከታየች ዕረፍቷ አበቃ። ስለዚህ በክረምት ገበያ ለገበያ ስትዞር፣ ጣቢያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ፣ ከዚያም ስትነሣ ይመሻል። የጋሽ ብሩኖ አዳራሽ ደግሞ ሁለት ነገር ነበረው፤ ወንበርና ማሞቂያ።

እሳቸውም አላጡትም። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በሄድኩበት ሐሙስ ትምህርቱን የከፈቱት እንዲህ ብለው ነው፦

«ለማሞቂያው እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ምንም አይደለም። እኔም ሥራዬን የጀመርኩት ለዩኒፎርሙ ብዬ ነው።»

አባታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ የነበረው ጣሊያናዊ መካኒክ፣ እናታቸው የጉለሌ ሴት ናቸው። አማርኛቸው የድሮ አዲስ አበቤ አማርኛ ነበር፤ ለ«እንግዲህ» «አሎራ»፣ ለ«እሺ» «ቫ ቤኔ» እንደ አዝራር በየመሐሉ የተተከሉበት። ሮም በወጣትነታቸው መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ የሙዚቃ አዳራሽ ማስኬራ ሆነው ሠሩ። ማስኬራ ማለት ትኬት አይቶ ሰውን ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጥ አስተናጋጅ ነው። ዩኒፎርሙ ጥቁር ኮት ባለ ወርቃማ ቁልፍ ነበር አሉ።

ሲያስተምሩ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው በሩ አጠገብ ይቆማሉ። ያረፈደች ሴት ከመጣች ንግግራቸውን አቋርጠው፣ ከኪሳቸው ትንሽ የእጅ ባትሪ አውጥተው፣ ፀሐይ በመስኮቱ እየገባ እንኳ ቢሆን፣ ወለሉን እያበሩላት ወደ ባዶ ወንበር ይመሯታል። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ጎንበስ ይላሉ። አንዳንድ ሴቶች ይህን ለማግኘት ብለው ሆን ብለው ያረፍዱ ነበር። «በዚህ አገር ጎንበስ ብሎ ያስቀመጠኝ እሳቸው ብቻ ናቸው» ትል ነበር ትርሲት፣ ከሴቶቹ ሁሉ በዕድሜ ትንሿ።

ሥራቸው ግን አንድ ጉዳት አድርሶባቸዋል። በአዳራሹ አርፋጁን የሚያስተናግዱት እሳቸው ስለነበሩ፣ ሙዚቃው ሲጀመር ሁልጊዜ ኮሪደር ላይ ናቸው። ስለዚህ ያን ሁሉ የባሮክ ሙዚቃ የሚያውቁት ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ ነው። ለኛ የአንድ ኮንቼርቶ መጀመሪያ ሲከፍቱ የማያውቁት እንግዳ ቤታቸው እንደገባ ሰው ግር ይላቸዋል። ሁለተኛው ክፍል ሲደርስ «አሃ፣ ይሄ ነው እንዴ!» ብለው ፊታቸው ይፈታል። የባሮክ ሙዚቃ መግቢያ የምንማረው መግቢያውን ሰምተው ከማያውቁ ሰው ነበር።

እኔ ያኔ ፒኜቶ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ እንከባከብ ነበር። ሙዚቃ ያስተማረኝ የለም፤ ሽማግሌው መደርደሪያ ላይ ከነበሩ መጻሕፍትና ከስልኬ ነው የለቃቀምኩት። ብቻውን የተማረ ሰው ደግሞ ስህተት ሲያይ ያሳክከዋል። ጋሽ ብሩኖ ዘመን ያምታታሉ፤ አባትን ከልጅ፣ ሚላኖን ከናፖሊ ይቀላቅላሉ። አንድ ቀን ባሮክ መቼ ተጀምሮ መቼ አበቃ ብላ ትርሲት ስትጠይቃቸው፣

«ሰው በሥርዓት መዘመር ሰልችቶት በሥርዓት ማልቀስ ሲጀምር ተጀመረ። ዊጉ ሲከብደው አበቃ» አሉ።

እጄን አውጥቼ፣ መጻሕፍቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1600 እስከ 1750 ግድም እንደሚሉ፣ መነሻው ኦፔራ የተወለደበት ዘመን፣ መድረሻው የታላቁ ጀርመናዊ ሞት እንደሆነ ተናገርኩ። በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ፣

«ቫ ቤኔ፣ አንተ ልጅ። ዝርዝሩ ያንተ፣ ለቅሶው የኔ» አሉ። ከዚያ በኋላ የሥራ ክፍፍላችን ይኸው ሆነ።

ለሙዚቃ ደራሲዎቹም ስም ያወጡላቸው እሳቸው ናቸው። «ትክክለኛ ስማቸውን ኩዌስቱራ ይያዘው፤ የመኖሪያ ፈቃድ አንሰጣቸውም» ይሉ ነበር፤ ኩዌስቱራ ለስደተኛ ፈቃድ የሚሰጠው ፖሊስ ጣቢያ ነው። እኔም እሳቸው በጠሯቸው ስም እጠራቸዋለሁ። ሃያ ልጆች የወለደው ጀርመናዊ «አባወራው» ነው። በቬኔሲያ ወላጅ አልባ ሴት ልጆችን ቫዮሊን ያስተማረው ባለ ቀይ ጸጉር ካህን «ቀዩ ቄስ» ነው፤ ይህንንስ የአገሩ ሰዎችም ይሉት ነበር። እዚሁ ሮም የኖረው፣ ጥቂት ጽፎ የጻፈውን ሲያሻሽል ዕድሜውን የጨረሰው ቫዮሊነኛ «ቁጥቡ» ተባለ። ሴቶቹ ከሁሉ የሚወዱት ግን «ስደተኛው» የተባለውን ነበር። ጀርመን ተወልዶ፣ ገና በወጣትነቱ ሥራ ፍለጋ ሮም መጥቶ በካርዲናሎች ቤት ተቀጥሮ፣ በመጨረሻ ለንደን ገብቶ ዜግነት ያገኘው ማለት ነው።

«ሮም ቺታዲናንሳ ከለከሉት?» አሉ እትዬ የሺ ታሪኩን ሲሰሙ።

«አልጠየቀም።»

«ብልህ ነው። ቢጠይቅ ኖሮ እስካሁን ወረፋ ላይ ነበር።»

እትዬ የሺን ሳላስተዋውቅ ማለፍ አይቻልም፤ ማንም አልፏቸው አያውቅም። በአንዲት መበለት ሲኞራ ቤት ብዙ ዘመን የሠሩ፣ ሰፊ፣ ቀልደኛ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ያለውን ወንበር ለማንም የማይለቁ ሴት ነበሩ። ጣሊያንኛዬ ከወጥ ቤት በር አያልፍም ይላሉ። የጋሽ ብሩኖ ትምህርት ገባ አልገባ የሚለካው በሳቸው ነው።

ለምሳሌ ባሶ ኮንቲኑዎ የሚባለውን፣ በባሮክ ሙዚቃ ከሥር ሳያቋርጥ የሚሄደውን የባስ ድምፅ፣ ጋሽ ብሩኖ ያስረዱን በዚህ መንገድ ነው፦ «ከላይ ቫዮሊኗ እንደ ሲኞራ ትንጎራደዳለች፤ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ትቆጣለች፣ ጌጥ ታደርጋለች። ከሥር ባሶ ኮንቲኑዎ ቤቱን ይጠርጋል፣ ያበስላል፣ ይተኩሳል። እሱ አንድ ጊዜ ቢያርፍ ሲኞራዋ የምትቆምበት ወለል የለም።»

«ሲያልቅ የሚጨበጨበው ለማን ነው?» አሉ እትዬ የሺ።

«ለሲኞራዋ።»

«እንዲያ ከሆነ ገብቶኛል፤ ባሱን ቀጥል ይበሉት» አሉ። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ማንኛውም ሙዚቃ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያዳምጡት ባሱን ነበር። ቫዮሊኑ ምንም ያህል ቢያምር «እሷን ተዋት፤ እታች ያለችው እንዴት ናት?» ይላሉ። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ ይህን ለመልመድ ስንት ወር እንደሚፈጅበት አላውቅም።

ፉጋንም እንዲሁ ነው የተማርነው። ፉጋ ማለት አንዱ ድምፅ የጀመረውን ዜማ ሌላው ተቀብሎ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ የሚያሳድድበት፣ ሦስተኛውና አራተኛው የሚከተሉበት አጻጻፍ ነው። አባወራው በዚህ የሚተካከለው የለም። ጋሽ ብሩኖ በምሳሌ የትራም ፌርማታ ላይ አራት ሴቶች አቆሙልን። አንዷ «አሠሪዬ እኮ ትናንት» ብላ ትጀምራለች። ሳትጨርስ ሁለተኛዋ «የኔዋም እኮ ትናንት» ትላለች። ሦስተኛዋ ትቀበላለች፤ የመጀመሪያዋ ደግሞ አላቆመችም። አራቱም በአንድ አፍ ያወራሉ፤ የአንዷም ነገር አይጠፋም።

«ይሄማ የማኅበራችን ስብሰባ ነው» አሉ እትዬ የሺ።

«ልዩነቱ ፉጋ መጨረሻ ላይ ይስማማል» አሉ ጋሽ ብሩኖ።

በየክፍለ ጊዜው ሦስት አራት ሴቶች ያንቀላፋሉ። እኔ ይህ ይከነክነኝ ነበር። ጋሽ ብሩኖ ግን ቀስቅሰው አያውቁም። አባወራው እንቅልፍ ላጣ አንድ ባላባት ብሎ የጻፈው ሙዚቃ አለ ይባላል ይላሉ። እኔም ያ ታሪክ እርግጠኛ እንዳልሆነ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ። «እርግጠኛ ባይሆንም እንቅልፋቸው እርግጠኛ ነው» ይሉኛል። ከዚያ ድምፁን ቀንሰው በሩ አጠገብ ይቆማሉ።

እንዲህ እያለ ክረምቱ ሊወጣ ሲል አዲስ ቄስ መጣ። ዶን ማርኮ ይባላል፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ሁሉን ነገር «ፕሮጀክት» የሚል ሰው። አዳራሹን የሚፈልግ ፒላቴስ የሚባል ስፖርት የሚሠራ ቡድን ነበረ። ዶን ማርኮ አንድ ሐሙስ በር ከፍቶ ያንቀላፉትን ሴቶች አይቶ ዘጋው። በማግስቱ ጋሽ ብሩኖን ጠርቶ ነገሩን በግልጽ አስቀመጠው። በዐቢይ ጾም አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ የጡረተኞች መዘምራን በዋናው ቤተ ክርስቲያን ኦራቶሪዮ ያቀርባሉ። ጋሽ ብሩኖ ስለ ሙዚቃው አጭር መግቢያ ይናገሩ፤ ተማሪዎቻቸውም የፊት ወንበሮችን ሞልተው እንደ ሙዚቃ አድማጭ በሥርዓት ይከታተሉ። ያኔ ኮርሱ ኮርስ መሆኑ ይታያል። ካልሆነ አዳራሹ ለፒላቴስ ይሰጣል።

ጋሽ ብሩኖ ይህን የነገሩን ባትሪያቸውን በእጃቸው እያገላበጡ ነው። ከዚያ በፊት ፈርተው አላየኋቸውም። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። በሳምንት ውስጥ በር ላይ ቆመው ሰው የሚቀበሉበት ቀን ሐሙስ ብቻ ነበር።

ሴቶቹ ግን ወዲያው እምቢ አሉ።

«በጾም ዘፈን?» አሉ እትዬ የሺ። «በኛ ከበሮ እንኳ በዐቢይ ጾም አይመታም። እርስዎ ካቶሊክ ስለሆኑ አይፈረድብዎትም።»

«አሎራ፣ ስሙኝ» አሉ ጋሽ ብሩኖ፤ ከበሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፊት መጡ። «በዚያ ዘመን በዚህ ከተማ በጾም ቴአትር ይዘጋል። ኦፔራ የለም፤ ልብስ ቀይሮ መድረክ ላይ መውጣት የለም። አንዳንዱ ፓፓማ ከነጭራሹ ዓመቱን ሙሉ ይዘጋዋል። ዘፋኙም ደራሲውም ሥራ ፈታ። ምን አደረጉ? ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ወሰዱ። ድርጊቱን፣ መጋረጃውን፣ ጭፈራውን አወጡና ድምፁን ብቻ አስቀሩ። አንድ ተራኪ ታሪኩን ይናገራል፣ ሌሎቹ ቆመው ይዘምራሉ። ቦታው የጸሎት አዳራሽ ነው፤ ኦራቶሪዮ የተባለውም በዚያው ነው። ስደተኛውም እዚህ ሳለ ጽፏል። ኦፔራ ፍስክ ነው። ኦራቶሪዮ ጾም ነው።»

እትዬ የሺ አሰቡበት።

«እንደ ጾም ፒዛ» አሉ።

«እንደ ጾም ፒዛ!»

«ቺዙ ከሌለ ምኑ ይጣፍጣል?»

«ሊጡ ጥሩ መሆኑ ያኔ ነው የሚታወቀው» አሉ ጋሽ ብሩኖ። ሴቶቹም እሺ አሉ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሐሙሶች የሥርዓት ትምህርት ሆኑ። በየመሐሉ አይጨበጨብም። አይወራም፣ አይወጣም፣ አይገባም። ሙዚቃው ውስጥ ድንገት ዝምታ ቢመጣ ደራሲው የጻፈው ዕረፍት ነው፤ እሱም ሙዚቃ ነው፣ አልቋል ብላችሁ እንዳትነሡ። ድምፁ ከጣሪያው ወርዶ እስኪያልቅ ጠብቁ። ሴቶቹ ይህን ሁሉ ጸጥ ብለው ያዙት። ጋሽ ብሩኖ ግን አንድ ነገር አልነገሯቸውም፤ ተቀመጡ አላሏቸውም። አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡ ሁሉም ቦታ የሚቀመጡ መስሏቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስቀምጡ ኖረው መቀመጥ የሚባለውን ሳያስተምሩ ቀሩ።

ያ ሐሙስ ደረሰ። ሴቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን እንደ ጾሙ ደንብ አጣፍተው መጡ። በሩ ላይ ትርሲት ቆም አለች።

«የካቶሊክ ቤት እኮ ነው፤ ጫማ አይወለቅበትም።»

«መስቀሉ የማን ነው?» አሉ እትዬ የሺ። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ጫማቸውን አውልቀው በሩ ሥር ደርድረው በካልሲ ገቡ። ኋላ የመጡት ጣሊያኖች በጫማው ሰልፍ ላይ እየተራመዱ ተደነቃቀፉ፤ ጋሽ ብሩኖም በባትሪ እያበሩላቸው ያሻግሯቸው ጀመር። መግቢያውን ሊናገሩ የነበረው ያኔ ነው። አርፋጁ አላልቅ ስላለ የመዘምራኑ መሪ ሰዓቱን አይቶ ጀመረ። የጋሽ ብሩኖ ንግግር በዚያው ቀረ።

ሙዚቃው የስቅለቱ ታሪክ ነበር፤ ደራሲው ዛሬ እምብዛም የማይነሣ የዚሁ ከተማ ሰው ነው። ተራኪው የወንጌሉን ቃል ሲጀምር እትዬ የሺ ብድግ አሉ። ሌሎቹም ተከትለው ተነሡ። ወንጌል ሲነበብ ማን ይቀመጣል? ከበስተኋላ የነበሩት ጣሊያኖች ፊት ለፊት የሚታያቸው የነጠላ ግድግዳ ብቻ ሆነ። ማጉረምረም ተሰማ። የመጀመሪያው መዝሙር ሲያልቅ የዘማሪዎቹ ዘመዶች አጨበጨቡ፤ ሴቶቹ በሙሉ ዞረው በቁጣ አዩዋቸው። ዶን ማርኮ ከመሠዊያው ጎን ሆኖ ለጋሽ ብሩኖ በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ አስቀምጣቸው ነው ነገሩ። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ደገመ። የኔ ዓይን በሩ ላይ ነበር። ጋሽ ብሩኖ ዶን ማርኮን አዩት፣ ሴቶቹን አዩ፣ ባትሪውን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱት።

ተራኪው ጌታ ነፍሱን የሰጠበት ቦታ ደረሰ። ደራሲው እዚያ ጋ ሙሉ ዕረፍት ጽፏል፤ መዘምራኑም፣ ኦርጋኑም፣ ባሱም ሳይቀር ዝም ይላል። ሴቶቹ እንደተማሩት አላጨበጨቡም። እንደተማሩት ከቦታቸው አልወጡም። ሰገዱ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ኪርያላይሶን» አሉ። ተነሡ፣ ደግመው ወደቁ፣ «ኪርያላይሶን።» መሪው እጁን አንሥቶ እንደያዘ ቀረ። ኦርጋን የሚጫወቱት አሮጊት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ከመዘምራኑ አንድ ሽማግሌ ያቺን ቃል አወቋት፤ የሳቸውም ቅዳሴ ውስጥ አለች። ሦስተኛው ስግደት ላይ አብረው አሏት። ሴቶቹ በቃን ብለው ሲነሡ መሪው እጁን አወረደና ባሱ ከሥር ቀጠለ።

ሲያልቅ ድምፁ ከጣሪያው እስኪወርድ የጠበቁት ሴቶቹ ብቻ አልነበሩም። ሰው ሁሉ ጠበቀ።

ዶን ማርኮ ይቆጣል ብዬ ነበር። እጁን ዘርግቶ እየሮጠ መጣ።

«ስቱፔንዶ! ብሩኖ፣ ይህን ያዘጋጁት እርስዎ ነዎት? ለሚመጣው ዓመትም ይደገማል። ነጩ ልብስ እንዳለ፣ መውደቁ እዚያችው ቦታ ላይ። ፎቶ አንሺ እጠራለሁ። ከበሮም አላቸው አይደል?»

«በጾም ከበሮ አይመታም» አሉ ጋሽ ብሩኖ።

«ቫ ቤኔ፣ ያለ ከበሮ። መውደቁ ግን የግድ ነው።»

«ኖታው ላይ የለም።»

«እንጽፈዋለን!»

ጋሽ ብሩኖ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ትከሻቸው ያ ወርቃማ ቁልፍ ያለው ኮት ያለበት መሰለ። «አባ፣ እነዚህ ሴቶች አድማጭ ሆነው ነው የመጡት። እርስዎ አድማጭ አምጣ አሉኝ፣ አመጣሁ። ትርኢት አይደሉም፤ በቀጠሮ አይወድቁም።»

የዶን ማርኮ ፊት ቀላ። «በየሐሙሱ የሚያንቀላፉትስ አድማጭ ናቸው? አዳራሹን የሚፈልግ ሰው ሞልቷል።»

ጋሽ ብሩኖ የአዳራሹን በር ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። እኔ ያን ሰዓት ኮራሁባቸው። አንዲት ቃል የምትታረም አላገኘሁም።

ነገሩ ጀግንነት ሆኖ የቆየው እስከሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ዝናብ ነበር። ሴቶቹ እንደወትሯቸው መጡ፤ በሩ ተዘግቷል። በሩ ላይ «የባሮክ ሙዚቃ መግቢያ» በሚለው ፋንታ ፒላቴስ የሚል ተለጥፏል። ጋሽ ብሩኖ ዣንጥላ ይዘው ውጭ ቆመው ለያንዳንዷ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ያስገቡ ሰው ሲመልሱ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት አያውቁም ነበር። ለምን እንደተዘጋ ነገሯቸው። ሲናገሩ ትንሽ ምስጋና የጠበቁ ይመስለኛል።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ እትዬ የሺ። «ሰውየው በዓመት አንድ ቀን መጥታችሁ ስገዱ አለ?»

«ለትርኢት፣ የሺ። ለፎቶ።»

«እኛ ለፎቶ እንሰግዳለን?»

«አትሰግዱም! ለዚህ ነው እኮ ያልኩት...»

«እንግዲህ እሱ ፎቶውን ያንሣ፣ እኛ ለጌታችን እንሰግዳለን፤ ማን ከማን ይጋጫል? ሲኞራዬ በየገናው ከነሽርጤ ፎቶ ታነሣኛለች። ገረድ ሆንኩ እንጂ ፎቶ አልሆንኩም።»

«ክብራችሁን...»

«ክብራችን የኛ ነው። ማን ጠየቀዎት?»

ጋሽ ብሩኖ ዣንጥላውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ያን ያህል ሐሙስ ስለ ባሱ ሲያስተምሩን፣» አሉ እትዬ የሺ፣ ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ «እሱ የሌለ ለት ሲኞራዋ ትወድቃለች አሉን። እኛን ሳይጠይቁ ከላይ ሆነው ዘፈኑልን። በሉ፣ ቄሱ ጋ እንሂድ።»

«እኔ ቁልፉን ጥዬ መጥቻለሁ፤ በምን ዓይኔ...»

«ያፈረሰ ይገነባል። እኔ እናገራለሁ፣ እርስዎ ይተረጉማሉ።»

እኔ ልተርጉም ብዬ ነበር፤ «አንተ ዝም በል» አሉኝ። ሦስታችን ገባን፤ ሌሎቹ ዝናቡ ላይ ቀሩ። ዶን ማርኮ የቅዳሴ ልብስ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነበር። እትዬ የሺ ነጠላቸውን አስተካክለው አማርኛቸውን ጀመሩ፤ ጋሽ ብሩኖም ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ተከተሉ።

«ለሚመጣው ዓመት እንመጣለን ይበሉልኝ። ቆመን እንሰማለን።»

ጋሽ ብሩኖ ተረጎሙ።

«የምንሰግደው ስንፈልግ ነው። ካልመጣልን አንሰግድም። ፎቶ አንሺው ዕድሉን ይሞክር።»

ተረጎሙ። ዶን ማርኮ ፈገግ አለ።

«ሐሙስ አዳራሹ የኛ ነው። ማሞቂያው ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ይለኮስ፤ ስንገባ ቀዝቃዛ ነው። የምታንቀላፋውን ማንም እንዳይቀሰቅሳት። ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ነው የመጣችው።»

እያንዳንዱን ተረጎሙ።

«አሁን ደግሞ፣» አሉ እትዬ የሺ፣ «ይህ ሰው ግትር ነው፣ ዘመን ያምታታል፣ ሳይጠይቅ ይወስናል ይበሉልኝ። ግን ሌላ አስተማሪ አንፈልግም። የኛ ነው።»

ጋሽ ብሩኖ ግትር መሆናቸውን ተረጎሙ። ዘመን ማምታታታቸውንም፣ ሳይጠይቁ መወሰናቸውንም፣ ሳያለሳልሱ ተረጎሙ። ሌላ አስተማሪ እንደማይፈለግ ተናገሩ። ከዚያ ቆሙ።

ዶን ማርኮ ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ። ጋሽ ብሩኖ ባትሪያቸውን ኪሳቸው ውስጥ ሲፈልጉ ይታያሉ።

«አንድ ቀርቷል፤ ‹የኛ ነው› የሚለው» አሉ እትዬ የሺ።

ጋሽ ብሩኖ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ድምፅ አልወጣቸውም። እትዬ የሺ ትንሽ ታገሷቸው። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረው፣ ከወጥ ቤት በር አያልፍም ባሉት ጣሊያንኛ፣ ራሳቸው ጨረሱት።

«ኤ ኖስትሮ፣ ዶን ማርኮ። ካፒቶ?»